አንጓች ያጠረችው አጥር

ጅብ እንኳ መንገደኛ ሲያገኝ እጅ ነስቶ ያልፍ በነበረበት ዘመን፣ ልጆች፣ ወይባ ሜዳ ላይ አንጓች የምትባል ድሃ ሴት ነበረች። ዘመድ የላት፣ መሬት የላት። የወይዘሮ ብርቄን ዶሮዎች ትጠብቃለች፤ ስለዚያ በግቢው ጥግ ጎጆ ሰጥተዋታል። ከዚያች ጎጆ ሌላ መጠጊያ የላትም።

ዶሮዎቹ ግን እኩል አያድጉም። ከአንድ እናት ሥር ተፈልፍለው ግማሹ በግ አከለ፣ ግማሹ ድንቢጥ ሆኖ ቀረ።

«ያንቺ ዓይን ነው፤ በልተሻቸዋል» አሉ ወይዘሮ ብርቄ።

«ኧረ እሜቴ፣ የትኛውን ዓይኔን? ጢስ ጨርሶታል።»

«ፊትሽን አዙረሽ አብያቸው።»

አዙራ አበላች። ዓመት ሙሉ። የግቢው ሰው ፊቷን ረስቶ ጀርባዋን «እንዴት አደርሽ» ይል ጀመር። ትንንሾቹ እንዳነሱ ቀሩ።

ደብተራ ተጠራ። ለየጫጩቱ ክታብ አሰረ። ክታቡ ከጫጩቱ ይከብዳል፤ ወደ ጥሬው ሲሮጡ በአፍጢማቸው ይደፋሉ። ደብተራው ሁለት የሰቡ ቄቦች መርጦ ሄደ። ትንንሾቹ እንዳነሱ ቀሩ።

«ለፋሲካ ካላደጉ ጎጆዬን ትለቂያለሽ» አሉ ወይዘሮ ብርቄ።

ይሄኔ አንጓች ትእዛዙን ጥሳ ዞራ አየች። ጥሬው አንድ ቦታ ይፈሳል። ትልልቆቹ ይከቡታል። ትንሹ ከተጠጋ አናቱን ይነቁሩታል። ሲጠግቡ የሚተርፈው አፈር ነው። በቃ፣ ይኸው ነው። ሸምበቆ ቆርጣ አጥር አጠረች፤ ትንንሾቹን ብቻ የምታሾልክ ቀዳዳ ተወች፤ እውስጥ ለብቻቸው በተነችላቸው።

ለፋሲካ እንዴት አደጉ መሰላችሁ? ጭልፊት ሊነጥቅ ወርዶ፣ አያቸውና ይቅርታ ጠይቆ ተመለሰ። እኔ አልዋሽም፤ የነገረኝ ሰው ነው ትንሽ የሚያጋንነው።

«እሜቴ፣ ረሃብ ነበር እንጂ ዓይን አልነበረም» አለች አንጓች።

ወይዘሮ ብርቄ ዶሮዎቹን ዞረው አዩና ለፋሲካ ወደተጠሩት ጎረቤቶች መለስ አሉ። «አያችሁ? ስትፈልግ ታሳድጋቸዋለች። እስከ ዛሬ ታዲያ ማን ሲያቀጭጫቸው ኖረ?»

ጎረቤቱ ሁሉ «እውነት ነው» ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ዶሮዎቹን በልተው፣ በማግስቱ እሷን አስወጧት። የት እንደወደቀች ያየ የለም።

የወይባ ሜዳ ሴቶች ዛሬም ትንንሽ ጫጩቶችን የሚያበሉት በሸምበቆ ለይተው ነው። የአንጓች አጥር ይሉታል፤ ጠቅሟቸዋል። ከአጥሩ ውስጥ እየበላች አላድግ ያለች ጫጩት ስትገኝ ደግሞ፣ እንትፍ ይሉና «አንጓች አይታት ነው» ይላሉ።