የሐዘንተኛ ልብስ የለበሰው አስተዳዳሪ

አንድ የወረዳ አስተዳዳሪ መኪናውን መንገድ ዳር አስቆመና ክራቫቱን ፈታ። ኮቱን አውልቆ ጥቁር ሹራብ ለበሰ፤ ነጠላውን አዘቅዝቆ ደረበ። ጢሙንም ከሰኞ ጀምሮ አልተላጨም። ካሜራ ለያዘው ሰው፣ “ሕዝቡ እንዲህ ሲያየኝ ከእሱ ወገን መሆኔን ያውቃል” አለው።

ወዴት የሚሄድ ይመስላችኋል? ለቅሶ ነው! ከገበያ የሚመለሱ አምስት ሰዎችን ወንዝ ወስዷቸዋል። የአገሩ ሰዎች ድልድይ ይሠራላችኋል ከተባሉ እኮ ሦስት ዓመታቸው ነው።

ድንኳኑ ውስጥ ትሁኔ የምትባል እናት ተቀምጣለች። ልጇ ስመኝ ከአምስቱ አንዷ ናት። ሰውየው ሲገባ አየችው። ማንነቱን አላወቀችም፤ አለባበሱን ግን አወቀችው። በዚያ አገር እንዲህ ሆኖ የሚመጣ የሞተበት ሰው ነው። ታዲያ ምን አደረገች? ከምንጣፏ ላይ ቦታ ለቀቀችለት።

“ይምጡ የኔ ጌታ፣ እኛ ጋ ይቀመጡ። እርስዎስ ማን ሞተብዎ?”

ወይ ጉድ! ምን ይበል?

“ሁሉም… ሁሉም የእኔ ናቸው፣ እናቴ።”

“እግዜር ያጽናዎ። በሉ ስማቸውን ይጥሩልኝና አብረን እናልቅስ።”

ለቅሶ በስም ነው፤ ታውቁታላችሁ። አስተዳዳሪው ወደ ጸሐፊው ዞረ። ጸሐፊው ኪሱን ዳበሰ። ይኼኔ አንዲት ጎረቤት የሰውየውን ማንነት ለትሁኔ ሹክ አለቻት።

ትሁኔ የነጠላውን ጫፍ ያዘች። “ካልሞተብዎ ያውልቁት! ከሞተብዎ ደግሞ ድልድዩን ይሥሩ። አንዲት ልጅ ቀርታልኛለች፤ ትምህርት ቤቷ ከወንዙ ማዶ ነው።”

ሰውየው ወጣ። መኪናው ውስጥ ነጠላውን አጣጥፎ ክራቫቱን አሰረ። ልጅቷ ዛሬም ያንን ወንዝ ትሻገራለች፤ ክረምቱም ደርሷል። እኔ ይህን ከሰማሁ ወዲህ ዕረፍት የለኝም።

አያችሁ፣ እሱን ሳማላችሁ ፊታችሁ በራ! “ባለሥልጣን ምን ይሉኝታ አለው” አላችሁ በልባችሁ። እናንተስ? ነጭ ለብሳችሁ ቆማችኋል፤ ነጩ ስለ እናንተ ምን ይላል? እኔስ ብሆን? ይህ የደረብሁት ካባ “እረኛችሁ ነኝ” ይላችኋል። አፋችን ዝም ቢል እንኳ ልብሳችን ቃል ይገባል እኮ! ቃሉን ማን ይፈጽመው?

ባለፈው ማክሰኞ የዚህን ቤተ ክርስቲያን ዘበኛ ቀብረናል። ሁላችንም ጥቁር ለብሰን ነበር፤ ደረት የመታም ነበር። ሚስቱ ከነልጆቿ ከዚህ በር ማዶ ባለችው ቤት ተቀምጣለች። ስሟን የምታውቁ እስቲ እጃችሁን አንሡ።

እ? አንድ ሰው እንኳ?

እኔም አላውቀውም፤ አፈርሁ። ተነሡ፣ ስብከቱ ይብቃን። ወደ እሷ ቤት እንሂድ።