ተልባ በር

በጉንዶ አምባ ግርጌ፣ ወደ ወንዙ በሚያወርደው መንገድ ላይ፣ ሁለት ቋጥኞች ተፋጠው የቆሙበት ጠባብ መተላለፊያ አለ፤ ስሙም ተልባ በር ይባላል። ቋጥኞቹ በውስጥ በኩል እንደ መስተዋት ያበራሉ፤ ላርፍ ያለች ዝንብ ተንሸራታ እግሯን ተሰብራ፣ ወጌሻ ተጠርቶላታል ይባላል። አላፊ አግዳሚው ዝናብ ያለሰለሰው ይመስለዋል፤ አባቶች የሚሉት ግን ሌላ ነው።

እንደሚነገረው በጥንት ዘመን እመት ዘርትሁን የሚሏት ባልቴት ነበረች። ባሏ ሲሞት የቀራት አንድ በሬና አንድ ጎታ ተልባ ብቻ ነው። በሬውን ከጎረቤት በሬ ጋር አቀናጅታ ታሳርሳለች፤ ተልባውን ግን ለማይሆን ነገር ሁሉ ታውለዋለች ተብላ ትታማ ነበር። ሆድ የደረቀበትን ተልባ ታጠጣለች፣ የተንጨባረረ ጠጉር በተልባ ውሃ ታስተኛለች፣ ከጣት አልወጣም ያለን ቀለበት በተልባ አሙለጭልጫ ታወጣለች፤ እንዲያውም የተኳረፉ አማትና ምራት ከአንድ ዋንጫ ተልባ አጠጥታ አስታርቃለች ብለው የሚምሉ አሉ።

ታዲያ አንድ ሰኔ፣ የዘር ጊዜ ሲደርስ፣ በሬዋ ዝንብ አስበርግጎት ሲሮጥ ከሁለቱ ቋጥኞች መካከል ገባና ሆዱ ላይ ተቀረቀረ። ወደፊት የለ፣ ወደኋላ የለ። አገሩ ተሰብስቦ ከፊት ቢጎትት፣ ከኋላ ቢገፋ፣ ገመዱ ተበጠሰ እንጂ በሬው ንቅንቅ አላለም። ፀሐይ ስትበረታ ማቃሰት ጀመረ። ሳይታረድ ከሞተ ደግሞ ጥንብ ነው፤ ስለዚህ የአምባው ሹም ባላምባራስ ድንበሩ ቢላቸውን መዘዙ፣ ሰዉም አዝኖ ሳይጨርስ ቅርጫውን ይመድብ ጀመር።

«ሻኛው የኔ ነው» አሉ ባላምባራስ።

«ጎድኑ ለኔ ይሁን። ጥርስ ቢኖረኝማ ሁለቱንም ጎን እወስድ ነበር» አለ አንድ ሽማግሌ።

«ኧረ ጌቶቼ፣ በሬዬ እኮ ገና ይተነፍሳል!» አለች ዘርትሁን። «እሱ ከታረደ ማን ከኔ ጋር ይቀናጃል? ልጆቼስ ምን ይቀምሳሉ? አንድ ጋን ውሃ እስኪፈላ ብቻ ታገሱኝ።»

«ምን ልትቀቅይበት ነው?»

«ተልባ።»

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ባላምባራስም «ተልባ ቢንጫጫ ባንድ ሙቀጫ!» ብለው ተረቱባት፤ ግን ለጥብሱም እሳት ያስፈልጋልና «ይሁን፣ አንድዳ ትቆየን» አሉ።

ለክረምት ያስቀመጠችውን ተልባ አንዲት ፍሬ ሳታስቀር ቀቀለችው። ተዝለግልጎ በረድ ሲል፣ በበሬው ጎንና በቋጥኞቹ ላይ አፈሰሰችው። ባላምባራስ በፊት ለፊት ቆመው ቢላቸውን ይስላሉ። በሬው አንድ ጊዜ ተንፈራገጠ፤ ወዲያው ከጠመንጃ እንደወጣ ጥይት ተስፈነጠረና ቢላውን ወዲያ፣ ባላምባራስን ገዛ ጀርባው ላይ ወርውሮ፣ ቁልቁል ወንዙን በአንድ ዝላይ ተሻገረ።

«ጌታዬ፣ ሻኛው የርስዎ ነው! አጥብቀው ይያዙት!» እያለች ዘርትሁን ከኋላ ትጮኻለች።

ሴቱ እልል ሲል እልልታው ማዶ ካለው ገደል ተላትሞ የገደሉን ጫፍ ናደው ይባላል። በሬው ማታውኑ ወደ ግርግሙ ብቻውን ተመለሰ፤ ባላምባራስ ግን የማያውቁትን አገር ሁሉ ጎብኝተው ለመስቀል ገቡ፣ ሥጋም አይስማማኝም ማለት ጀመሩ። ቅርጫ የመደበው ሁሉ በደቦ ወጥቶ የዘርትሁንን ማሳ አረሰ፤ ጎታዋንም እያንዳንዱ ቤት ከየጓዳው ተልባ አምጥቶ እስከ አፉ ሞላላት።

ከዚያ ወዲህ በጉንዶ አምባ ከብት ሊታረድ ሲል፣ አራጁ መጀመሪያ ወደ ጓዳ ዞሮ «ተልባ አልቋል ወይ?» ብሎ የቤቱን ሴት ይጠይቃል። እሷ «አልቋል» ካላለች ቢላ ከአፎቱ አይወጣም። በታችኛው መንደር አንዲት ሴትዮ፣ እንደተጠየቀች «ቆይ፣ ልየው» ብላ ጓዳ ገብታ ቀረች አሉ፤ በሬውም እስከዛሬ ደጃፏ ላይ ተኝቶ ያመሰኳል።