የአራሷ ቤት ቆርቆሮ

ተረት ተረት! «የላም በረት» እንዳትሉኝ፤ የበረቱን መዝጊያ ነፋስ ወስዶታል። እሱንም እንደርስበታለን።

ጉብ አምባ በምትባል ዳገታማ መንደር ደብሪቱ የምትባል ሴት ነበረች። ልጇ ውድነሽ ሴት ልጅ ከተገላገለች ገና ስድስተኛ ቀኗ ነው። ክረምቱ ሊወጣ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ጳጉሜ በገባ በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሰማዩ በድንገት ተቆጣ። በረዶ ወረደ፣ ነፋስ ተነሳ፣ ጎርፉም መንደሩን ከላይ እስከ ታች ቦርቡሮት አለፈ። ነፋሱና ጎርፉ ከእያንዳንዱ ሰው አንዳንድ ነገር ነጥቀው ለታችኛው ጎረቤት ሰጡት። ከደብሪቱ የተነጠቀው አንድ ቆርቆሮ ነው። አንድ ብቻ! ግን ከአራሷ አልጋ በላይ ያለው ነው።

አልጋውን ወደዚህ ቢገፉት ውሃው ይከተላል፣ ወደዚያ ቢገፉት ውሃው ይከተላል። አራስ ደግሞ ሕፃኗ ክርስትና ሳትነሳ ከቤት አትወጣም፤ ለሴት ልጅ ሰማንያ ቀን ነው። በማግስቱ ጠዋት ደብሪቱ የልጅ ልጇን መጠቅለያ ስትጨምቀው ውሃው እየተንጠፈጠፈ ወረደ። በቀዳዳው ቀና ብላ ብታይ ከጉብታው ጀርባ ሌላ ጥቁር ደመና ተነስቷል።

«እማ፣ ምን ይሻለናል?» አለች ውድነሽ።

«አይዞሽ፣ ቆርቆሮ ክንፍ የለውም፤ የትም አይርቅም።»

«ትላንት በርሯል እኮ!»

«እንግዲያው ደክሞት ቅርብ ቦታ አርፏል። ደመናው ሳይደርስ ይዤው እመጣለሁ» አለችና ነጠላዋን ወገቧ ላይ ጠበቅ አድርጋ አስራ ወጣች።

እውነትም ሩቅ አልሄደም። ከታች ያሉት አያ ስንሻው የበረታቸው በር ላይ ገትረውታል።

«አያ ስንሻው፣ እንደምን አደሩ? ቆርቆሮዬን ልወስድ ነው።»

«ብትወስጂው ደስ ባለኝ» አሉ አያ ስንሻው። «ግን ነፋሱ የበረቴን መዝጊያ ወሰደው። ይሄን ባነሳ ጥጃው ይወጣል፤ ጥጃው ከወጣ ላሟን ጠብቶ ይጨርሳታል፤ እኛም ጦማችንን እናድራለን። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ እኔ ሞኝም ወረቀትም አይደለሁም። መዝጊያዬን አምጪ፣ ቆርቆሮሽን ውሰጂ።»

ደብሪቱ ነገሩን በጣቷ ቆጠረችው። መዝጊያው ካልተመለሰ ቆርቆሮው አይለቀቅም፤ ቆርቆሮው ካልተለቀቀ የአራሷ ጣሪያ አይደፈንም። «ሁለት ጣት ብቻ ነው፣ ቀላል ነው» አለችና ቁልቁል ወረደች።

ከታች የጠላ ሻጯ የእንጉዳይ ቤት አለ። ጎርፉ ደጇ ላይ ጥልቅ ቦይ ቆፍሮባታል። እንጉዳይ መዝጊያውን እንደ ድልድይ አጋድማ፣ እላዩ ላይ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆማለች።

«እንጉዳይ እህቴ፣ የቆምሽበት የአያ ስንሻው መዝጊያ ነው።»

«አጣሁት እንዴ! የኔን ሳንቃ ጎርፍ ወሰደብኝ፤ ይሄ ባይመጣ ከቤቴ መውጫ አልነበረኝም። ዘልዬ እንዳልሻገር ሰውነቴን ታይዋለሽ፤ ቦዩ ውስጥ ብገባ መንደሩ ተሰብስቦም አያወጣኝ! ሳንቃዬን አምጪ፣ መዝጊያውን ተሸክመሽ ሂጂ።»

ደብሪቱ ሦስተኛ ጣቷን ጨመረች። ሳንቃው ካልመጣ መዝጊያው አይነሳም፤ መዝጊያው ካልተነሳ ቆርቆሮው አይለቀቅም፤ ቆርቆሮው ካልተለቀቀ የአራሷ ጣሪያ አይደፈንም። ደመናው ጉብታውን ተሻግሮ የላይኛውን ማሳ አጥቁሮታል። እርምጃዋን አፋጠነች።

ሳንቃውን ያገኘችው ይርዳው ግቢ ነው። ይርዳው ትዳር ከያዘ ገና ሁለት ዓመቱ ነው። ጎተራው እንደ ሰካራም ወደ አንድ ጎን አዘንብሏል፤ እንዳይወድቅ በሳንቃው ደግፎታል፤ ሳንቃው እንዳይንሸራተት ደግሞ ራሱ በትከሻው ደግፎታል።

«ይርዳው፣ ሳንቃው የእንጉዳይ ነው።»

«ይሁን እትዬ ደብሪቱ! እኔስ መች ጠላሁ? ጎተራውን ከዛፉ ጋር ያሰርኩበትን ገመድ ነፋሱ መንጭቆ ወሰደው። ሳንቃውን ብሰጥዎት ጎተራው ይወድቃል፣ እስከ አዲሱ እህል የምታደርሰኝ ጤፍ ጭቃ ላይ ትፈሳለች። ገመዴን ያምጡልኝ፣ ሳንቃውን ራሴ ተሸክሜ አደርሳለሁ።»

«ገመዱስ የት ሄደ?»

«ታች አያ ቢያድጎ ደጅ ሲወድቅ አይቻለሁ። ግን በራቸውን ዘግተዋል። ሦስት ጊዜ ብጣራ አልመለሱልኝም።»

ከድጡ ወደ ማጡ! ገመዱ ካልተገኘ ጎተራው አይታሰርም፤ ጎተራው ካልታሰረ ሳንቃው አይመጣም፤ ሳንቃው ካልመጣ መዝጊያው አይነሳም፤ መዝጊያው ካልተነሳ ቆርቆሮው አይለቀቅም፤ ቆርቆሮው ካልተለቀቀ የአራሷ ጣሪያ አይደፈንም። ጣቷ ሞላ። ደብሪቱ ግን ጣቷን ጨብጣ ቡጢ አደረገችውና በዚያው ቡጢ የአያ ቢያድጎን በር መታች።

አያ ቢያድጎ የጉብ አምባ ሰማይ አዋቂ ናቸው። በየዓመቱ ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ጉብታው ላይ ይወጣሉ፤ ነፋሱን ያሸታሉ፣ ጉንዳኑን ያያሉ፣ ከዚያ «ክረምቱ ወጣ!» ብለው ይጮኻሉ። ያን ጊዜ መንደሩ ሁሉ ነፋስ እንዳያነሳው ጣሪያው ላይ የጫነውን ድንጋይ አውርዶ ቆርቆሮውን ለዘመን መለወጫ ያጥባል። ሠላሳ ዓመት ስተው አያውቁም፤ ስተውም እንደሆነ ሰዉ ረስቶላቸዋል። ዘንድሮ ግን በጮኹ በሳምንቱ ያ ሁሉ በረዶ ወረደ። እሳቸውም ያገኙትን ገመድ ይዘው ገቡና በራቸውን ከውስጥ ተብትበው አሰሩ።

«ማነው?»

«ደብሪቱ ነኝ።»

«ልትስቂብኝ ነው የመጣሽው?»

«ቆርቆሮዬን ፍለጋ ነው።»

«ቆርቆሮሽ እኔ ዘንድ የለም።»

«ገመዱ አለ! ገመዱ ካልተፈታ ጎተራው አይታሰርም፤ ጎተራው ካልታሰረ ሳንቃው አይመጣም፤ ሳንቃው ካልመጣ መዝጊያው አይነሳም፤ መዝጊያው ካልተነሳ ቆርቆሮው አይለቀቅም፤ ቆርቆሮው ካልተለቀቀ የአራሷ ጣሪያ አይደፈንም!» አለች በአንድ ትንፋሽ።



«ገመዱን ብፈታ በሩ ይከፈታል» አሉ አያ ቢያድጎ። «በሩ ከተከፈተ ሰው ይገባል፤ ሰው ከገባ ‹ዛሬስ ይዘንባል ወይ?› ብሎ ይጠይቀኛል። ምን ብዬ ልመልስ?»

ደብሪቱ ተናደደች። የረጠበው መጠቅለያ ትዝ አላት፤ አንድ ሁለት የማይረሱት ነገር ልትናገራቸውም አፏን ከፈተች። ነገር ግን ከበሩ ወዲያ የሽማግሌው ትንፋሽ ሲንቀጠቀጥ ተሰማት። ድንጋዩን ማን አወረደው? በገዛ እጇ፣ ከመንደሩ ሁሉ ቀድማ፣ እየዘፈነች ያወረደችው እሷ ናት። አፏን መልሳ ዘጋችው።

«እንግዲያው እኔ ልጠይቅዎት። አያ ቢያድጎ፣ ዛሬ ይዘንባል ወይ?»

«...አላውቅም።»

«አልሰማሁም!»

«አላውቅም! አላውቅም አልኩሽ!»

«እኔም አላውቅም» አለች ደብሪቱ። «ቆርቆሮውን የምፈልገው ለዚህ ነው። ላይዘንብ ይችላል፤ ሊዘንብም ይችላል፤ ሕፃኗ ግን እስኪለይለት አትጠብቅም። በሉ ገመዱን ይፍቱና መሰላል ይያዙልኝ።»

በሩ ተንቋቋና ተከፈተ። አያ ቢያድጎ ገመዱን አንገታቸው ላይ ጠምጥመው፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው ወጡ። ማንም አልሳቀባቸውም፤ ለሳቅ ጊዜ የነበረው ሰውም የለም።

ከዚያማ ምን ይጠየቃል! ገመዱ ተፈታ፣ ጎተራው ታሰረ፤ ጎተራው ታሰረ፣ ሳንቃው መጣ፤ ሳንቃው መጣ፣ እንጉዳይ በክብር ተሻገረች፤ እንጉዳይ ተሻገረች፣ መዝጊያው ተነሳ፤ መዝጊያው ተነሳ፣ ጥጃው እየጮኸ ተዘጋበት፤ ጥጃው ተዘጋበት፣ ቆርቆሮው ተለቀቀ! ይርዳው ጣሪያው ላይ ወጣ፣ አያ ስንሻው ምስማር አቀበሉ፣ አያ ቢያድጎ መሰላሉን ያዙ፣ ደብሪቱና እንጉዳይ ድንጋይ አመላለሱ። የመጨረሻው ድንጋይ ሲጫን የመጀመሪያው የበረዶ ፍሬ የይርዳውን ጆሮ መታው።

አምስቱም ተጋፍተው ቤት ገቡ። በረዶው ቆርቆሮውን ቀጠቀጠው፤ ነፋሱ ጠርዙን ይዞ ሊገነጥለው ታገለ፣ አቃተውና አለፈ። ውድነሽ እጇን ከአልጋው በላይ ዘርግታ ብዙ ጠበቀች።

«እማ፣ ጠብ የሚል ነገር የለም» አለች፤ አለቀሰችም። ሕፃኗ በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሃል እጇን ጨብጣ ተኝታለች። ደብሪቱ መጠቅለያውን ዳሰሰችው፤ ደረቅ ነው። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

እንጉዳይ አፏ አያርፍምና «አያ ቢያድጎ፣ ድንጋዩን መቼ እናውርደው?» አለች።

ሁሉም ዞሮ አያቸው። አያ ቢያድጎ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ጋቢያቸውን አስተካከሉ፣ ጉብታው ላይ እንደሚቆሙትም ቀጥ ብለው ቆሙ።

«አላውቅም» አሉ ጮክ ብለው።

«እንግዲያው ይቆይ» አለች ደብሪቱ።

ተረቴን ለታችኛው ጎረቤት አሳልፉት፤ የሰው ቆርቆሮ ካለባችሁ ግን መልሱ።