ማማው የዘጋቸው አሥር መንገዶች

ጠጋ ጠጋ በሉ፤ እንስሳም ብረትም አፍ በነበረው ዘመን የሆነውን ላውጋችሁ።

በአንድ ተራራ አናት ላይ የብረት ማማ ቆሞ ነበር። ሥራው የእንስሳቱን ድምፅ ከአየር ተቀብሎ ሩቅ ማድረስ ነው። ድምፅ የሚያልፍባቸው አሥር መንገዶች ነበሩት። አሥር ብቻ!

አንድ ቀን እሜቴ ዝሆን መጣች። «እኔ ትልቅ ነኝ፤ አራቱን ለእኔ ብቻ አስቀርተህ ለሌላው ዝጋልኝ» አለች። ማማው ፈራና ዘጋላት።

አያ ጅቦ መጣ። «የጥንብ ወሬ ድንገት ነው የሚመጣው፤ ሦስቱን ለእኔ» አለ። ዘጋለት።

አያ ዝንጀሮ መጣ። «ከጅብ በምን አንሼ?» አለ። የቀሩትን ሦስቱን ወሰደ።

በመጨረሻ ሚዳቋ መጣች። «አያ ማማ፣ የምኖረው ከወንዙ ራስ ነው። አንዳንዴ አንዲት ቃል ብቻ ብናገር...»

«አልቋል፤ ታገሺ» አላት።

ክረምት ገባ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሚዳቋ ቀና ብትል፣ ደራሽ ውሃ ግንድ እየነቀለ ይወርዳል። ከታች፣ ከወንዙ አሸዋ ላይ የዝሆን ግልገል ይንከባለላል።

«አያ ማማ! ደራሽ መጣ! መንገድ ስጠኝ!»

«ተይዟል።»

«ኧረ ከታች ልጅ አለ!»

«ተይዟል አልኩሽ! የትልልቆቹ አደራ ነው።»

ሦስተኛ ጊዜ ስትጮኽ ድምፅዋን ውሃው ዋጠው።

ማማው ያን ጊዜ መንገዶቹን ተመለከተ። የዝሆን አራቱ ጭጭ። የጅብ ሦስቱ ጭጭ፤ ጅቡ ተኝቷል። ዝንጀሮ በአንዱ ብቻ ያወራል። ዘጠኙ ባዶ! ማማው ክው አለ።  መንገዱን ቢከፍትም ውሃው አልፎ ነበር።

እሜቴ ዝሆን እየሮጠች መጣች። «አንተ ማማ! ልጄን ውሃ ሲወስደው እንዴት አልነገርከኝም?»

«ሚዳቋ ጮኻ ነበር። መንገድ ከለከልኳት።»

«የእኔስ አራቱ?»

«ባዶ ነበሩ፣ እሜቴ። ላንቺ ብዬ ነው የዘጋሁባት።»

ዝሆን ተንበርክካ አለቀሰች። ኩምቢዋ መሬት ላይ ተዘረጋ። ለቅሶ ቤት እንኳ የሚስቀው ጅብ መጥቶ አብሯት አለቀሰ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ማማው መንገድ የሚሰጠው ለሚናገር ነው፤ ተናጋሪው ዝም ሲል መልሶ ይወስዳል። «አደጋ!» ላለ ግን ዝሆንም ብትሆን መንገዷን ትለቃለች።

እኔ እዚህ ላይ ላሳርፈው፤ እናንተ ይህን ያዙ፦ የማይሄድበትን መንገድ ያጠረ፣ ለራሱ መርዶ አሳደረ።