ልቡ አልቋል፤ አየሩ ይቀራል

አንዲት እናት ነበረች። ጫንያለው፣ የጠየቅኸኝን አልዘነጋሁትም። «ያለ ፈቃዴ ካገባችው ልጄ ጋር ሽማግሌ አስታርቆኝ ሳለ፣ ለምን ዛሬውኑ ሄጄ አላያትም?» ነው ያልከኝ። ተቀመጥና ስማኝ። መኪናው ጥሎህ ቢሄድ ሌላ ይመጣል።

የዚህች እናት ሴት ልጅ ልቧ ቀዳዳ ነበረው። ትንሽ ከሮጠች ከንፈሯ ይጠቁራል። ቀዶ ሕክምና በገባች ዕለት እናቲቱ የልጅቷን ነጠላ ጫማ እቅፏ ውስጥ ይዛ በሩ ላይ ተቀመጠች። የናፈቃት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ልጅቷ ነቅታ «እምዬ» ስትላት መስማት።

ውስጥ ሐኪሙ ልቡን አቁሞ ከፈተው፤ ቀዳዳውን ደፍኖ መልሶ ሰፋው። ነርሷ ብቅ ብላ «ተሰፍቷል» ስትላት እናቲቱ ብድግ አለች።

«ታዲያ ምን ትጠብቃላችሁ? ልጄን አምጡልኛ» አለች።

ነርሷ ገብታ ነገረችው። ሐኪሙም «ልቡ አልቋል፤ አየሩ ይቀራል በያት» አለ።

ልብ ሲከፈት አየር ይገባበታል። ያ አየር አረፋ ሆኖ ከደሙ ጋር ወደ አንጎል ከወጣ፣ ልጅቷ ልቧ ድኖ አንደበቷ ሊዘጋ ይችላል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል፤ ይኼ ግን ከፈሰሰ የማይለቀም ነው። ስለዚህ ሐኪሙ ትልቁን የደም ሥር የቆለፈበትን መቆንጠጫ አልለቀቀም። አልጋውን በራስጌ በኩል ዝቅ አደረገ። ልቡን በደም ሞላው፤ ቀስ ብሎ ነካ ነካ አደረገው፤ ወደ ላይ የወጣውን አየር በመርፌ ሳበ። የልቡን ውስጥ በሚያሳየው ስክሪን ላይ አረፋዎቹ እንደ ነጫጭ ነጥብ ይታያሉ። ሳበ፤ አየ፤ ደግሞ ሳበ። እሱም ደክሞታል፤ ወጥቶ ለእናቲቱ «እንኳን ደስ አለሽ» ማለት ናፍቆታል። ግን መቆንጠጫውን የፈታው ነጥቦቹ ከጠፉ በኋላ ነው።

በማግስቱ ልጅቷ ዓይኗን ገልጣ «እምዬ፣ ጫማዬስ?» አለች።

እንግዲህ ጫንያለው፣ ሽማግሌዎቹ ልብህን ሰፍተውልሃል፤ አልክድም። ናፍቆትህም አንጀቴን በልቶታል። ግን ቅድም ስትገባ ምን አልከኝ? ትዳሯ አንተ እንደፈራኸው ሆኖ ቀርቷል፤ «ሳገኛት መጀመሪያ ‹አላልኩሽም ነበር?› ነው የምላት» ብለህ ሳቅህ። አረፋዋ ያቺ ናት። ትንሽ ናት፤ ነገር ግን የልጅህን አፍ ትዘጋለች። መጀመሪያ ያቺን አረፋ ከውስጥህ አውጣ። ከዚያ ሂድ፤ «አባዬ» ስትልህም ስማ።