ስለ ሚዳቋዋ ግልገልና ስለ ሕፃኒቱ ልብ

አምላክን የወለደች እመቤታችን ማርያም ያደረገችው ተአምር ይህ ነው፤ ረድኤቷ በምንሰማ ሁላችን ላይ ይደር፤ አሜን።

በሐይቅ ዳር ባለች አንዲት አገር ወለተ ሐና የምትባል ባልቴት ነበረች፤ እመቤታችንንም እጅግ ትወድ ነበርና ማለዳ ማለዳ በሥዕሏ ፊት ሳትሰግድና «ሰላም ለኪ» ሳትል እህል አትቀምስም ነበር። እርሷም የሟች ወንድሟን ልጅ ትርንጎን ታሳድግ ነበር። ይህችም ሕፃን አባትና እናቷ በአንድ ወረርሽኝ ካለቁባት ወዲህ ልቧ ደንድኖ ወፉን በድንጋይ ትወግር፣ እኩዮቿንም ትመታ ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን የጎረቤታቸውን የአጸደን ልጅ ሐብቱን ግንባሩን ፈነከተችውና ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ ከሰንበት በኋላ ወደ ሩቅ ዘመዶቿ ትሂድ ብለው ፈረዱ።

ወለተ ሐናም አልተከራከረችም፤ በደሉ እውነት ነበርና። ነገር ግን በቤተ ክርስቲያን በእመቤታችን ሥዕል ፊት ወድቃ «እመቤቴ ሆይ፣ መከርኋት፣ ገረፍኋትም፤ ልብ መስጠት ግን የእኔ አይደለም» ብላ አለቀሰች። ከዚያም ስትወጣ፣ አዳኞች እናቷን የገደሉባት የሚዳቋ ግልገል ከቤተ ክርስቲያኑ ደን ወጥታ እየተንቀጠቀጠች እስከ ቤቷ ተከተለቻት። ትርንጎም ባየቻት ጊዜ ድንጋይ አነሣች፤ ግልገሊቱ ግን በመሸሽ ፈንታ ቀርባ ጣቷን ትጠባ ጀመር፤ ድንጋዩም ከእጇ ወደቀ።

«እናት የላትም?» አለች ሕፃኒቱ።

«የላትም፤ እንዳንቺው ናት» አለቻት አክስቷ።

ያን ጊዜ ትርንጎ መሬት ላይ ተቀምጣ ግልገሊቱን በቀሚሷ አቀፈቻትና፣ እናቷ ከተቀበረች ወዲህ አልቅሳ የማታውቀዋ ልጅ አለቀሰች።

ግልገሊቱም ሣር አልበላ ብላ ትደክም ጀመር። ዘመኑ ድርቅ ነበርና ወተት ከአጸደ ቤት በቀር አልነበረም፤ የእርሷም ላም ልትነጥፍ ደርሳ ለሐብቱ እንኳ በቅጡ አትበቃውም ነበር። ትርንጎም በደጁ ብዙ ቆማ፣ በኋላ ገብታ ከሴቲቱ እግር ሥር ወደቀችና «እትዬ አጸደ፣ እኔን ይግረፉኝ፤ ግልገሊቱን ግን በእኔ ኃጢአት አያስርቡብኝ» አለች። ከዚያም ወደ ሐብቱ ዞራ ቁስሉን አየችና «ያምሃል?» ብላ ጠየቀችው። አጸደ ልታስወጣት አስባ ነበር፤ ልጇ ግን የራሱን ወተት አንሥቶ ለትርንጎ ሰጣት።

አጸደም ይህን አይታ ልቧ ተነካ፤ በእመቤታችን ስም ተማጥና የላሚቱን ጡት ብትነካው ወተቱ እንደ ምንጭ ፈሰሰ፤ ዝናብ እስኪጥል ድረስም ለአገሩ ሕፃናት ሁሉ በቃ። ሽማግሌዎቹም ትርንጎን ሊሰዱ በመጡ ጊዜ፣ ወተቱን ለታናናሾቹ አስቀድማ ስትቀዳ አገኟትና ፍርዳቸውን ትተው እግዚአብሔርን አመሰገኑ።

ክረምቱም ሲገባ ግልገሊቱ አደገች። ትርንጎም ራሷ እስከ ደኑ ወስዳ፣ አንገቷን ስማ፣ ገመድ ሳታስርባት ለቀቀቻት፤ ወለተ ሐናም ከሩቅ ቆማ አየቻትና ስለ ላሚቱ ወተት ከሰገደችው ይልቅ ስለዚህ የሕፃኒቱ ልብ አብልጣ ሰገደች።

የእነዚያን ሕፃናት ልብ ያራራች እመቤታችን የእኛንም ልብ ታለስልስልን፤ ልጆቻችንን በምሕረት ታሳድግልን፤ የሰማነውንም በሥራ እንድንገልጠው ትለምንልን፤ ለዘለዓለሙ አሜን።