የአረንጓዴው ድንጋይ እምብርት

ግንብ በከበባት አንዲት ጥንታዊ ከተማ፣ አረንጓዴ ድንጋይ እየጠረቡ መቁጠሪያና ዋንጫ በሚሠሩ ሰዎች ሰፈር፣ ሼህ በድረዲን የሚባሉ አላህን ፈሪ አዛውንት ነበሩ።

ባሏ የሞተባት ሙንተሃ አንድ ቀን እንደ ቅጠል የለመለመ አረንጓዴ ድንጋይ ይዛ መጣች። ሟቹ ለመህሯ፣ ለጋብቻ ጥሎሿ፣ የሰጣት ነው፤ ከእሱ የቀራትም ይኸው ብቻ ነበር። "ልጄ በኒካሕዋ ቀን ውሃ የምትጠጣበት ዋንጫ ይሁንልኝ" አለች።

ሼሁ በእርጥብ አሸዋ ፈግፍገው፣ በቆዳ ወልውለው ጨረሱት። ሙንተሃ ስታየው ግን ልቧ ስንጥቅ አለ። ዋንጫው አመድ የነካው ይመስል ደብዝዟል።

"ይሄ የኔ ድንጋይ ነው?"

"ያንቺው ነው፣ ልጄ።" ዋንጫውን ወደ እሷ ገፋ አደረጉላት።

ጥርጣሬ አንዴ ከገባ ማረፊያ አያጣም። የሶላታቸው መርዘም፣ የአነጋገራቸው መለስለስ፣ ሁሉም የሌባ መሸፈኛ መሰላት። ደግሞም በሰፈሩ ደንብ ዋንጫ ሲፈለፈል ከሆዱ የሚወጣው ድብልብል ቁራጭ፣ እምብርት የሚሉት፣ ለባለቤቱ ይመለሳል። የእሷ አልተመለሰም።

"እምብርቱስ?"

"እሱ እኔ ጋ ቢቀር ይሻላል።"

"እንግዲያው ነገሩን መስጊድ ላሉት ሽማግሌዎች አቀርባለሁ። ያኔ ያወጡታል።"

 የሼሁ ስም ሊጠፋ ነው፤ እሳቸውን ያስጨነቃቸው ግን ሌላ ነበር፤ እምብርቱ በሽማግሌዎቹ ፊት መውጣቱ። በመጨረሻ ከመደርደሪያው ሥር ቁራጩን አውጥተው በእጇ አኖሩላት።

ሙንተሃ ወደ ዋንጫው ብትከተው ልክክ አለ፤ በድንጋዩ ውስጥ የሚያልፈው ነጭ መስመር እንኳ ሳይዛነፍ ገጠመ። አሸዋ ያልነካው አናቱ ግን ያንን የምታውቀውን አረንጓዴ እንደለበሰ ነው። በጥፍሯ ብትፍቀው ቀለም የገባበት ሰም ተላጠ። የመህሯ ውበት ቅብ ኖሯል። ባሏ አውቆ ሰጣት ወይስ እሱም ተታሎ? ማንን ትጠይቅ?

"መልሰው ሰም ቢቀቡት ኖሮ አላውቅም ነበር" አለች እንባዋን እየጠረገች።

"ልጅሽ የምትጠጣበትን ዕቃ በሐሰት አልቀባም።"

"ታዲያ እውነቱን ለምን አልነገሩኝም? ሌባ እስኪመስሉኝ ድረስ?"

"ሟች ለጥርጣሬ መልስ አይሰጥም፣ ልጄ። ባልሽ ከሚጠረጠር በሕይወት ያለሁት እኔ ብጠረጠር ይሻላል።"

ሙንተሃ እርጥቡን አሸዋ ወደ ራሷ ሳበችና የእምብርቱን አናት ትፈገፍገው ጀመር፤ አረንጓዴው ቅብ እስኪጠፋ ድረስ አላቆመችም።

ወገኖቼ፣ ነውርን ሸፍኑ ስንባል ብዙዎቻችን የምንሸፍነው የራሳችንን ነው። እኒህ ሰው ሐሰትም ሳይናገሩ የሌላውን ነውር በገዛ ስማቸው ሸፈኑ። ዛሬ ማታ በሞተ ሰው ላይ ክፉ ልናወራ አፋችንን ስንከፍት፣ የሚመልስልን እንደሌለ እናስብ።